የመኪናን የውኃ ፓምፕ በኤሌክትሪክ ሞተር ማሽከርከር፦ ትርፉና ኪሳራው

መግቢያ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይሽከረከራል፤ የሚያቃጥለው ነዳጅ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ደግሞ ሙቀቱ እጅግ ይጨምራል፤ ዙሩ ግን ከቁልቁለቱ ላይበልጥ ይችላል። ደጀን ደርሶ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ቴስታታው በጋለበት በዚያው ቅጽበት ፓምፑ ይቆማል። በሦስቱም ሁኔታዎች የችግሩ ምንጭ አንድ ነው፤ በቺንጊያ የሚነዳ የውኃ ፓምፕ የሚታዘዘው ለሞተሩ ዙር እንጂ ለሞተሩ ሙቀት አይደለም።

ፓምፑን ከክራንክሻፍቱ ነጥሎ በኤሌክትሪክ ሞተር ማሽከርከር ይህን ትስስር ያላቅቃል። ሐሳቡ በፋብሪካ ደረጃ ተግባራዊ ሆኗል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ የውኃ ፓምፑ ኤሌክትሪካዊ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሥራው በቶርኖ ቤት በሚዘጋጁ ክፍሎች በአሮጌ መኪና ላይ ሲከናወን ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ትርፉ የሚመነጨው ከኤሌክትሪክ ኃይሉ ሳይሆን የፓምፑን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ መምረጥ ከመቻሉ ነው። ስለዚህም የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሌለው ለውጥ ለከተማ መኪና ኪሳራ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ፍሰት

ለስሌት እንዲመች አንድ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር በከባድ ጭነት ጊዜ 30 ኪሎዋት፣ ቆሞ በሚንተከተክበት ጊዜ ደግሞ 4 ኪሎዋት ሙቀት ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ ያስረክባል እንበል። እኩል በእኩል ከውኃና ከግላይኮል የተቀላቀለ ፈሳሽ አንድ ሊትሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ 3.7 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል። ፈሳሹ ወደ ሞተሩ ሲገባና ሲወጣ ያለው የሙቀት ልዩነት 8 ዲግሪ እንዲሆን ከተፈለገ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ በደቂቃ 60 ሊትር፣ በሁለተኛው 8 ሊትር ገደማ መዘዋወር አለበት። በሁለቱ መካከል ከሰባት እጥፍ በላይ ልዩነት አለ።

የኃይል ሒሳብ

በደቂቃ 60 ሊትር ፈሳሽ 50 ኪሎፓስካል የሚደርስ የግፊት ልዩነት አሸንፎ እንዲያልፍ 50 ዋት ያስፈልጋል። የፓምፑ ብቃት 40 በመቶ ቢሆን በዘንጉ ላይ 125 ዋት ይጠየቃል። በቺንጊያ የሚነዳ ፓምፕ ይህንን ያለ ብዙ ብክነት ከክራንክሻፍቱ ያገኛል። በኤሌክትሪክ መንገድ ግን ኃይሉ ሁለት ጊዜ ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ብቃት 65 በመቶ ከሆነ 190 ዋት፣ ማለትም በ13.8 ቮልት 14 አምፒር ያህል ይወስዳል፤ የዲናሞው ብቃት 60 በመቶ ከሆነ ደግሞ ክራንክሻፍቱ 320 ዋት ይከፍላል። ለተመሳሳይ ፍሰት የኤሌክትሪኩ መንገድ ሁለት እጥፍ ተኩል ይወደዳል ማለት ነው።

ሚዛኑን የሚለውጠው የሴንትሪፉጋል ፓምፖች ጠባይ ነው። በአንድ የቱቦ ሥርዓት ውስጥ ፍሰቱ ከዙሩ ጋር በቀጥታ፣ ግፊቱ ከዙሩ ካሬ ጋር፣ የሚፈለገው ኃይል ደግሞ ከዙሩ ኪዩብ ጋር ያድጋል። የቺንጊያው ፓምፕ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር 125 ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ በ6,000 ዙር 1,000 ዋት ይወስዳል፤ በ800 ዙር ግን 3 ዋት እንኳ አይሞላም። ዘወትር በሙሉ ፍጥነት የሚዞር የኤሌክትሪክ ፓምፕ 320 ዋቱን ሳያቋርጥ ስለሚያስከፍል፣ የሚያተርፈው የሞተሩ ዙር ከ4,100 ገደማ ሲያልፍ ብቻ ነው። ይህ ለእሽቅድምድም መኪና ያዋጣ ይሆናል፤ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል መኪና ግን አያዋጣም። ፍጥነቱ እንደ ሙቀቱ ሲስተካከል ደግሞ ኪዩቡ ለእኛ ይሠራል፤ ፍሰቱ በግማሽ ሲቀነስ የሚፈለገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

ክፍሎቹና አሠራራቸው

ለቤት ሥራ የሚመቸው መንገድ ነባሩን ፓምፕ በቦታው ትቶ ዘንጉን ብቻ በኤሌክትሪክ ሞተር መንዳት ነው፤ የፓምፑ ክንፍና የውኃ መከላከያው ተፈትነው የቆዩ ናቸውና። ለመንጃነት ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከአሮጌ መኪና የተፈታ የራዲያተር ቬንቲላቶር ሞተር ነው። ይህ ሞተር ግን በራሱ ቬንቲላቶር ነፋስ እንዲቀዘቅዝ የተሠራ በመሆኑ፣ ቬንቲላቶሩ ሲነሣለት ሌላ ማቀዝቀዣና ከውኃ ፍንጣሪ የሚጠብቀው ሽፋን ያስፈልገዋል።

ሁለቱ ፑሌጃዎች ከአሉሚኒየም በቶርኖ ይወጣሉ። መያዣው ከ5 ሚሊሜትር ላሜራ ተቆርጦ፣ ቺንጊያውን ለመወጠር እንዲቻል የብሎን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ይደረጋሉ። ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ካልዋሉ የፓምፑ ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ፓምፑ ከዋናው ቺንጊያ ሲወጣ ቺንጊያው በዲናሞው ላይ የሚያቅፈው ቅስት እንዳያንስ አጭር ቺንጊያ ወይም ተጨማሪ ነጻ ፑሌጃ ይገጠማል። ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጊያ በሚዞርባቸው ሞተሮች ላይ ግን ይህን ሥራ መሞከር አይገባም፤ የፓምፑ ፑሌጃ የዚያ ቺንጊያ መስመር አካል ስለሆነ፣ ስሕተቱ ቫልቭና ፒስተን እስከማጋጨት ይደርሳል።

የዙሩ አቅጣጫም ሊረጋገጥ ይገባል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ወደ ኋላ ቢዞርም ፈሳሹን በዚያው በትክክለኛው አቅጣጫ ይገፋል፤ የሚቀንሰው መጠኑ ነው። ስለዚህ ውኃው መንቀሳቀሱን አይቶ ብቻ መርካት ያሳስታል።

ሥራው መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት በጠረጴዛ ላይ ይፈተሻል። በፓምፑ መውጫ ላይ የግፊት መለኪያና ቧንቧ መዝጊያ አድርጎ፣ መዝጊያውን 50 ኪሎፓስካል እስኪያሳይ መጥበብ፣ ከዚያም 20 ሊትር ባልዲ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ መለካት ነው። በ20 ሴኮንድ ከሞላ የታሰበው ፍሰት ተገኝቷል። ያለ መዝጊያ የሚለካ ፍሰት የሞተሩን ውስጣዊ መሰናክል ስለማያካትት ከእውነታው በልጦ ይታያል።

ብልሽትን አስቀድሞ ማሰብ

ነባሩ ቺንጊያ ሲበጠስ የዲናሞው መብራት ሾፌሩን ያስጠነቅቃል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን በዝምታ ይቆማል። የሙቀት መለኪያው በራዲያተሩ ቱቦ ላይ ከተቀመጠ አደጋው ይብሳል፤ ዝውውሩ ሲቆም ቱቦው ይቀዘቅዛልና መለኪያው ቴስታታው እየነደደ ሳለ ዝቅተኛ ሙቀት ያሳያል፣ መቆጣጠሪያውም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ መለኪያው በቴስታታው ላይ ይተከል፤ ሽቦው ቢበጠስም መቆጣጠሪያው ወደ ሙሉ ፍጥነት እንዲሄድ ይዘጋጅ። የሞተሩ አምፒር ክትትልም ጥሩ ምስክር ነው፤ ቺንጊያው ሲበጠስ አምፒሩ ይወድቃል፣ ፓምፑ ሲጣበቅ ደግሞ ይዘላል።

ከፍታም ስሌት ውስጥ ይገባል። በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውኃ ክዳን በሌለው ዕቃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 90 ኪሎፓስካል ግፊት ቢይዝ የመፍላቱ ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ይደርሳል፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን ይኸው ክዳን 119 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። የመጠባበቂያው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ፣ ፍሰቱ በጣም ሲዘገይ አማካይ ሙቀቱ ደኅና እየመሰለ በጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ዙሪያ ፈሳሹ ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ ፓምፑ የሚዞርበት ዝቅተኛ ወሰን ዜሮ መሆን የለበትም።

መደምደሚያ

የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ በቴስታታ ላይ የተተከለ መለኪያና የብልሽት ማስጠንቀቂያ ሲሟሉ ለውጡ ትርጉም ያገኛል። ደጀን ላይ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ፓምፑ በ4 አምፒር ለሦስት ደቂቃ ቢዞር ከባትሪው የሚወስደው 0.2 አምፒር ሰዓት ብቻ ነው፤ በቴስታታው ውስጥ የታመቀውን ሙቀት ግን ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል። የቺንጊያ ፓምፕ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ነባሩን ቺንጊያ ባለበት መተው ይሻላል።