የዓሣ አንቲቦዲና የውኃ ሙቀት

የሰው አካል ሙቀት ክረምት ከበጋ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ስለዚህ የተከተበ ሰው አካሉ እስኪዘጋጅ የሚፈጀውን ጊዜ በቀናት እንቆጥራለን። የዓሣ ሙቀት ግን እንደሚኖርበት ውኃ ስለሚለዋወጥ ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱንና የሚያስከትለውን ውጤት እንመለከታለን።

አንቲቦዲ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሠሩት፣ ለይቶ ከሚያውቀው ባዕድ ነገር ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። ዓሦች ደም የሚያመነጭ መቅኔ ስለሌላቸው ይህ ሥራ በዋነኛነት የሚከናወነው በኩላሊታቸው የፊተኛ ክፍልና በጣፊያቸው ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ በሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሂደት ይዘገያል፤ አንቲቦዲውም አብሮ ይዘገያል። በመሆኑም አርቢዎች የውኃውን ሙቀት በቀናት ብዛት አባዝተው «ዲግሪ-ቀን» በተባለ መለኪያ ይጠቀማሉ። ለሳልሞን ክትባት ብዙውን ጊዜ 500 ዲግሪ-ቀን ያህል ይጠበቃል፤ ይኸውም በ10 ዲግሪ 50 ቀን፣ በ5 ዲግሪ 100 ቀን ማለት ነው። ይህ ጊዜ ሳይሞላ ወደ ባሕር የገባ ዓሣ ቢከተብም ለበሽታ የተጋለጠ ነው።

የክትባትን ዋጋ የኖርዌይ ታሪክ ያስረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1985 ፉረንኩሎሲስ የተባለ የባክቴርያ በሽታ ከስኮትላንድ ከተገዙ የሳልሞን ጫጩቶች ጋር ወደ እርባታዎቹ ገባ። ከዚህና ከሌሎች የባክቴርያ በሽታዎች የተነሣ በ1987 ወደ 48 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ጥቅም ላይ ዋለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዘይት ጋር ተዋሕዶ በመርፌ የሚሰጥ ክትባት ሲስፋፋ ግን መጠኑ በፍጥነት አሽቆለቆለ። በቅርብ ዓመታት የሳልሞን ምርቱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ ሳለ አንቲባዮቲኩ ከአንድ ቶን በታች ነው።

ይሁንና በሽታው በእርባታዎቹ ተወስኖ አልቀረም፤ ካመለጡ ዓሦች ጋር ወደ ወንዞች ዘልቆ የዱር ሳልሞንን ገድሏል። የዱር ዓሣን የሚከትብ የለም። አንቲቦዲ የሚያገኘው ባክቴርያውን ገጥሞ ከተረፈ ብቻ ነው። ስለዚህ በደሙ ውስጥ የሚገኘው አንቲቦዲ ዓሣው ዛሬ መታመሙን ሳይሆን ቀደም ሲል ከባክቴርያው ጋር መገናኘቱን ይመሰክራል። አንቲቦዲ አለመገኘቱም ወንዙ ከበሽታ ነጻ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የሞቱት በናሙናው ውስጥ የሉም፤ በቀዝቃዛ ውኃ በቅርቡ የተያዙትም ገና አንቲቦዲ አላመረቱ ይሆናል። እንግዲህ የዓሣ ደም የሚመረምር ሰው የውኃውንም ሙቀት አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል።