«ሲስተር፣ አንቺስ ምን አየሽ?»

ከኦጎልቾ ቆላ በሽተኛ ይዘን አሰላ ሆስፒታል ስንወጣ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ «ዶክተሩ ምን አለ?» ነርሷን «አንቺስ ምን አየሽ?» የምንል ግን ጥቂቶች ነን።

ውድ አንባቢያን! ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሊት ትኩሳቱን የምትለካው፣ መድኃኒቱ እንዳልተስማማው ቀድማ የምታየው ነርሷ ናት። እናትም ለሐኪሙ መናገር ያፈረችውን፣ የባህል መድኃኒት መጠጣቷን ወይም ለጾም ብላ ኪኒን ማቋረጧን፣ በኦሮምኛ ለሲስተር ሹክ ትላለች። ይህ ሐኪሙ ዘንድ ካልደረሰ ውሳኔው ጎዶሎ ይሆናል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ሲቆስል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስወሰዱት በመስጊዳቸው ወደነበረው የሩፈይዳ (ረ.ዐ) ድንኳን ነው። በአገራችንም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን በጤና ጣቢያ የሠለጠኑ ነርሶች ማስጀመር ችለዋል።

እንግዲህ ቤተሰብ የሚያውቀውን ለነርሷ አይደብቅ፤ ሐኪሙም ይስማት። ነርስነት የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች ሆይ! ትእዛዙ ቢያጠራጥራችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ በዝምታ አትለፉት። ያያችሁት ነገር አማና ነው።