ከሐይቅ ዳርፉር በ1 ሰዓት?

ሐይቅ ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ የአሜሪካ ጉዞ ከተነሳ “ሲሄዱ ይረዝማል፣ ሲመጡ ያጥራል” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። የሚያናድደው ተከትሎ የሚመጣው ማብራሪያ ነው፦ “መሬት ትዞራለቻ! አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ እሷ ከሥሩ እየዞረች መንገዱን ታሳጥርለታለች።”

መሬት የምትዞረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ማብራሪያው ልክ ቢሆን ኖሮ ዋሽንግተን ራሷ ወደ አውሮፕላኑ እየመጣችለት ቶሎ የሚደርሰው ሂያጁ በሆነ ነበር። ወሬው ገና ከመነሻው አቅጣጫውን ስቷል።

ደግሞ አንድ ሄሊኮፕተር ከሐይቁ በላይ ለ1 ሰዓት ቀጥ ብሎ ይቁም እንበል። በዚያ ሰዓት መሬት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ በሐይቅ ኬክሮስ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። አየሩ አብሯት ባይዞር ኖሮ አብራሪው ቁልቁል ሲያይ የእስጢፋኖስን ገዳም ሳይሆን ደቡብ ዳርፉርን ባየ ነበር። ግን አየሩም አብሮ ይዞራል። ወደ ደሴ በሚከንፍ ሚኒባስ ውስጥ ሽቅብ የተወረወረ ብርቱካን የኋላውን ተሳፋሪ አይመታም፤ እዚያው እጅ ላይ ይመለሳል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከነፋስ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 የሚበር አውሮፕላን በአማካይ የ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢገጥመው 13 ሰዓት ተኩል፣ ከኋላ ቢገፋው 12 ሰዓት ይፈጅበታል።

የመሬት ዙረት በጓሮ በር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በምድር ወገብ ላይ ያለ አየር ከመሬቱ ጋር በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ 30 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን የመሬቱ ፍጥነት 1,450 ገደማ ብቻ ነው። ሞቆ ከፍ ያለው አየር ወደ ሰሜን ሲያቀና የያዘውን ፍጥነት ስለማይጥል መሬቱን እየቀደመ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ጄት ስትሪም የሚባለው የነፋስ ጅረት አንዱ ምንጭ ይህ ነው፤ በሰሜኖቹ አገሮች የብርድ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ ሰሜን ራቅ ያለውን ጅረት ግን በዚህ ብቻ መግለጽ አይቻልም፤ የዋልታው ቅዝቃዜና የሐሩሩ ሙቀት መለያየት፣ ማዕበሎችም ጭምር ይነዱታል። ሁለቱ ጅረቶች የሚቀላቀሉበት ጊዜም አለ፤ በንጹህ መስመር ለያይቶ የሚስልላችሁን አትመኑ።

የእኛ ሰማይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ አምባሰል በጉም ስትሸፈን፣ አውሮፕላን ከሚበርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ከእስያ በኩል ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ጅረት በላያችን ያልፋል። ይህ ጅረት በበረታባቸው ዓመታት የክረምቱ ዝናብም ይሻላል። ጅረቱ ዝናቡን ያመጣል ወይስ ዝናቡ የሚለቀው ሙቀት ጅረቱን ያበረታል? ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል፤ እኔ ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ።

ሂያጁ መንገድ ላይ ማረፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደብሊን፣ ሎሜ፣ ቀደም ሲል ሮም ለነዳጅ የቆመበት ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው፦ 2,334 ሜትር። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ክንፉ በቂ አየር ለማግኘት የበለጠ መፍጠን አለበት፣ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሳት ይከብዳል። የዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ተመላሹ የሚበቃውን ነዳጅ ቀድቶ፣ ነፋሱም ከኋላ እየገፋው በቀጥታ ቦሌ ይገባል።