እሑድ የሚከፈት በር፦ በቤይሩት ለእናቶችና ለልጆች የተዘጋጀ ማዕከል



እሑድ ጠዋት ወደ ዶራ በሚሄደው ቫን ውስጥ ብትቀመጡ አማርኛ ሳትሰሙ አትወርዱም። ገንዘብ ለመላክ የምትሄድ አለች፣ በርበሬና ሽሮ ለመግዛት የምትሄድ አለች፣ ከቅዳሴ የምትመለስም አለች። ልጅ አዝላ ወይም በእጇ ይዛ የምትሳፈርም አትጠፋም። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእርሷ ነው።

ሊባኖስ የምታውቀን በሠራተኝነት እንጂ በእናትነት አይደለም። የ1946ቱ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ ከሕጉ ውጭ አድርጓታል (ዓመታቱን የጻፍነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ኢቃማችንም ከአሠሪያችን ስም ጋር የታሰረ ነው። ሆኖም እህቶቻችን እዚህ አግብተዋል፣ ወልደዋል። በ2014 የአገሪቱ የጸጥታ መሥሪያ ቤት፣ አመን ዓም የምንለው ማለት ነው፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩ ስደተኞችን ልጆች ኢቃማ አላድስም ማለቱን ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ይፋ አድርጓል። እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ነበሩ።

እንዲህ ላለው ችግር ብቻዋን የምትሮጥ እናት ብዙ በር ታንኳኳለች። የስደተኞች ማኅበረሰብ ማዕከል፣ ብዙዎች በአጭሩ ኤም ሲ ሲ የሚሉት፣ በ2011 በቤይሩት የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። የከፈተው ፀረ ዘረኝነት ንቅናቄ የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ እርሱም ከአንድ ዓመት በፊት በሊባኖሳውያን ወጣቶችና በስደተኛ ሠራተኞች የተጀመረ ነው። ማዕከሉ ቆየት ብሎ በጁኒዬና በሳይዳም ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር።

ሥራው ቀላል ይመስላል። የዐረብኛ፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ትምህርት አለ፤ ኮምፒውተርም ይማሩበታል። የሚያስተምሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሑድ የብዙዎቻችን የዕረፍት ቀን ስለሆነ እሑድ ክፍት ይሆናል። አባላቱ ራሳቸው ይሰበሰባሉ፣ ምን እንማር፣ ምን እናዘጋጅ ይላሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ በዓል ያከብራሉ። በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ዐረብኛው ነው። በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ ውል የተጻፈው በዐረብኛ ነው፤ ብዙዎቻችን የፈረምነው ምን እንደሚል ሳናነብ ነው። ፊደሉን የለየች እህት ቢያንስ ደመወዟ የተጻፈበትን መስመር በጣቷ ማሳየት ትችላለች። ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን ወረቀትም እንዲሁ።

አሁን ስለ ልጆቹ ወረቀት እንነጋገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ልጅ ሲወለድ ሐኪሙ ወይም አዋላጇ የልደት ማስታወቂያ ይሰጣሉ። እርሱ ወደ ሙኽታር ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ መዝገብ ቤቱ፣ ወደ ኑፉስ። ልጁ አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ ግን በቢሮ አያልቅም፣ ፍርድ ቤት ይጠይቃል። ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ሌላው ስጋት የዜግነት ነው። አባቱ ከጠፋ ልጄ አገር የለውም ብላ የምታለቅስ እናት አለች። የሊባኖስ ዜግነት በእርግጥ በአባት በኩል ነው የሚተላለፈው። በ2003 የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ግን ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናቲቱ ብቻዋን ትበቃለች ማለት ነው። ይህን በማዕከሉ ከምታውቅ እህት በሰማች ጊዜ ስንቷ እንቅልፍ እንደተኛች ፈጣሪ ይወቅ። የሕግ ምክር ለምትፈልግም ካሪታስ ሊባኖስ ከ1994 ጀምሮ የስደተኞች ማዕከል አቋቁሟል።

ከሁሉም በላይ የሚያኮራው የራሳችን ልጆች የሠሩት ነው። እኛ ለእኛ በስደት የተባለውን ማኅበር በ2017 የመሠረቱት እዚሁ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከመካከላቸው ባንቺ ይመር ትገኝበታለች። በ2020 የሊራው ዋጋ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን ደጅ ጥለው ሲሄዱ፣ ነሐሴ ላይም ወደቡ ሲፈነዳ፣ ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ቤት ለቤት የዞሩት እነርሱ ነበሩ። ያን ጊዜ የማን ልጅ የት እንዳለ የሚያውቀው ከእሑድ ጀምሮ የተዋወቀ ሰው ብቻ ነበር።

በ2024 መስከረም ጦርነቱ ሲበረታም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ከደቡብና ከዳሒዬ የሸሹ ስደተኞች ለተፈናቃዮች ከተዘጋጁ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተመለሱ። በአሽረፊዬ የሚገኘው የጄስዊት አባቶች የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ግን በሩን ከፈተላቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ከልጆቻቸው ጋር እዚያ አደሩ።

እውነቱን ለመናገር ማዕከል ሁሉን አይፈታም። የከፋላውን ሥርዓት አይለውጥም፣ ኢቃማ አያትምም። እሑድ የማትወጣው፣ በሩ የሚቆለፍባት እህታችን ደግሞ ስለ ማዕከሉ እንኳ አትሰማም። ስለዚህ የምትወጡ ሁሉ የሰማችሁትን በስልክ ንገሯት፤ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣም ቢሆን ታገኟታላችሁ።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስትሄዱ የልደት ማስታወቂያውን፣ የክትባት ካርዱን፣ የፓስፖርታችሁን ኮፒና የልጁን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ሂዱ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ ኮፒው ይበቃል። ልጁ አንድ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ብቻ ከቀረው ግን ሌላ እሑድ አትጠብቁ።