በጀሪካን የሚሸጠው ማጽጃ ስንቱ ውሃ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ላርጎ፣ ኦሞና በረኪና ከሚመረቱባቸው ጥሬ ዕቃዎች ብዙዎቹ ከውጭ የሚገቡ እንደመሆናቸው፣ የዶላሩ ጉዳይ እስከ ጓዳ ድረስ መዝለቁ አልቀረም። ማጽጃን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ከባልትና ወሬነት አልፎ የሂሳብ ጥያቄ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሂሳቡ የሚጀምረው ከጠርሙሱ ውስጥ ነው። የተለመደው የቤት በረኪና 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይይዛል። ይህም ማለት ከ1 ሊትሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው 50 ግራም ያህሉ ሲሆን፣ የቀረው ጥቂት ጨው ሳይቆጠር ውሃ ነው። አቼቶም ከዚህ አይለይም፤ ከ4 እስከ 5 በመቶው አሲድ ሲሆን ሌላው ውሃ ነው። ፈሳሽ ሳሙናም ቢሆን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ስለሆነም ሸማቹ የሚከፍለው ለማጽጃው ብቻ ሳይሆን ለውሃው፣ ለፕላስቲኩ እና ይህንኑ ውሃ ጭኖ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ለሚመላለሰው መኪና ነዳጅ ጭምር ነው። ውሃ ደግሞ፣ ፈረቃው ካላስቸገረ በቀር፣ በየቤቱ አለ።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ማዘጋጀት የሚያዋጣው ደረቁን ነገር ገዝተው ውሃውን ከራስ ቧንቧ ሲጨምሩ ነው። ለምሳሌ በዱቄት መልክ የሚሸጠውን ሲትሪክ አሲድ 50 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ቢያሟሙት፣ ከአንድ ሊትር አቼቶ ጋር የሚቀራረብ ማጽጃ ይገኛል። የከርሰ ምድር ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት፣ በመስታወትና በቧንቧ ላይ የሚቀረውን ኖራ ያስለቅቃል። የተጨመቀ የሎሚ ልጣጭም በነፃ ይኸንኑ ይሠራል። ሆኖም እብነ በረድና ቴራዞ ወለል ላይ አሲድ ማፍሰስ ወለሉን ማስበላት ነው፤ በሳሙና የተቆጠበው ገንዘብ ለወለል እድሳት ይሄዳል።

ለቅባት የሚስማማው አሲድ ሳይሆን ተቃራኒው ነው። ሦስት እጅ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ እጅ ውሃ ተለውሶ ምድጃና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ቢታሽበት ጥሩ ውጤት ይሰጣል። እናቶች ብረት ድስት በአመድ ሲያሹ የኖሩት ያለምክንያት አልነበረም። አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቅባቱን እዚያው ድስቱ ላይ ወደ ሳሙናነት መለወጥ ይጀምራል። ነገር ግን አመድም ሆነ ሶዳ አሉሚኒየም ድስትን ያጠቁራሉ።

ብዙ ሰው የሚከስረው ሁለቱን ሲቀላቅል ነው። ሶዳ ላይ አቼቶ ሲፈስበት የሚነሳው አረፋ ዓይን ይማርካል እንጂ ትርፍ የለውም። 84 ግራም ሶዳን ለማምከን 60 ግራም አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም 1.2 ሊትር ገደማ ባለ 5 በመቶ አቼቶ ይበቃል። በመጨረሻ የሚቀረው ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ሁለት ዕቃ ተገዝቶ ሁለቱም ጠፋ ማለት ነው።

ሌላው ቅልቅል ግን ከገንዘብ አልፎ ሕይወት ያስከፍላል። በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያነት የዋለው ይኸው ጋዝ ነው። መስኮት የሌላት ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንሹም ይበዛል። በረኪና ከቁራሌው በተገዛ የሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ሲሸጥ ምን እንደሆነና ከምን ጋር እንደማይቀላቀል የሚናገር ጽሑፍ አይኖረውም፤ ሕፃን ልጅም ውሃ ነው ብሎ ሊጠጣው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ሎሚም ሶዳም አመድም ቆሻሻን ያነሳሉ እንጂ ተቅማጥና ኮሌራ የሚያመጡትን ተሕዋስያን በመግደል በረኪናን አይተኩም። በሽተኛ ባለበት ቤት በረኪናን ለመቆጠብ መሞከር የተሳሳተ ሂሳብ ነው።

ለነጋዴው ዓይን ትልቁ ጉዳይ እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦና በውሃ ተዘፍዝፎ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል፤ ነጭ ነጠላና ጋቢ ሳይጎዳ ያጥባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ ፍሬው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ለዚህም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎል ለበስ እንስሳ በእንዶድ ለማጥፋት በ1990ዎቹ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ፍሬው ግን እስካሁን ድረስ በብዛት የሚታየው በገበያ መደብ ላይ ነው።

እንዶድን የሚሸጥ ዕቃ ለማድረግ የሚረዳው ደረቅነቱ ነው። በሎሚ ጭማቂ የተሠራ ማጽጃ መከላከያ ስለሌለው በቀናት ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ ለቤት እንጂ ለሱቅ መደርደሪያ አይሆንም። የደረቀ እንዶድ ግን እርጥበት ካልነካው ይቆያል፤ ሲጓጓዝም ውሃ ተሸክሞ አይሄድም። ዓይንና አፍንጫን የሚቆጠቁጥ፣ ቢዋጥም መርዝ በመሆኑ የሚወቅጠው ሰው አፍና አፍንጫውን መሸፈን ይኖርበታል። ዕጣቢው ዓሣ ስለሚገድል ወደ ኩሬና ሐይቅ አይደፋም፤ የምግብ ዕቃም አይታጠብበትም።

ችግሩ ጥራቱ ነው። ከመብሰሉ በፊት አረንጓዴ ሳለ የተለቀመው ፍሬ ከቀላው ይበልጥ ኃይለኛ ነው፤ ከዝርያ ዝርያም ይለያያል። አንዴ ከተወቀጠ በኋላ ግን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። በኩንታል ለመግዛት ያሰበ ሰው ከየጆንያው አንድ የሻይ ማንኪያ ወስዶ፣ በእኩል መጠን ውሃ በተሞሉ ጠርሙሶች ውስጥ እኩል በጥብጦ፣ የየትኛው አረፋ ቶሎ እንደሚወርድና የየትኛው እንደሚቆይ በሰዓት መያዝ ይችላል።