ለክረምት ዕረፍት ወደ አምደወርቅ ለሚሄድ ተማሪ

የክረምቱ ዕረፍት ሲደርስ ከመካከላችን ወደ ዋግ የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ሰቆጣ ወይም አምደወርቅ ሲገቡ ከዘመድ ጥየቃ ሌላ የሚጠብቃቸውን ሥራ በዚህ ገጽ ልንገልጽ አስበናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ተማሪው አገሩ ገብቶ የሠርጉንና የለቅሶውን ልማድ ከሽማግሌ እየጠየቀ ይጽፋል፤ ጽሑፉም በማኅበሩ መጽሔት ይወጣል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነውና ተማሪዎቹ ቀድመውታል ማለት ነው። ነገር ግን መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ይወጣ ስለ ነበር፥ ቃሉን የሰጠው ሽማግሌ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም ነበር። (ይህ ጉድለት ከእኛም የመመረቂያ ጽሑፎች ገና አልራቀም።)

የዋግ ኽምራ ቋንቋ ኽምጣና ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ እኅቶቹም አዊኛ፥ ብሌንና ቅማንትኛ ናቸው። ቅማንትኛ ከልጆች አፍ ወጥቶ በጥቂት አረጋውያን ዘንድ ብቻ እንደ ቀረ ዘለዓለም ልየው በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ አሳይተዋል። ኽምጣና ገና እዚያ አልደረሰም፤ በ1987ቱ ቆጠራ ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች አፍ የፈቱበት ነበር። ሆኖም እኅት ቋንቋ የሄደበትን መንገድ አይቶ ዝም ማለት አይገባም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረውን ሻደይን እንውሰድ። ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ረጅም ሣር በወገባቸው አስረው ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጫወታሉ። ላስታ አሸንድዬ፥ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል። በዓል ወደ መድረክ ሲወጣ ዘፈኑ ያጥራል፤ እንግዳው የማይሰማው የኽምጣና ግጥምም አስቀድሞ ይቀራል ብለን እንሠጋለን። ስለዚህ ግጥሙን በኽምጣና እንዳለ ጽፎ አማርኛውን ከሥሩ ማኖር፥ ማን እንደምታወጣ፥ ማን እንደምትቀበል፥ የትኛው በየትኛው ደጃፍ እንደሚባል መመዝገብ ነው። በአማርኛ ለብቻው ፊደል የሌለው፥ በአፍንጫ የሚወጣ የ«ንግ» ድምፅ አለና በ«ን» ብቻ አይታለፍ፤ አፍ የፈታበት ሰው አንብቦ ያርመው። ስልክም ድምፅ ይቀዳል፤ ግን ስልክ ይጠፋል።

ባለቃሉን ስሙ እንዲጻፍ ይፈቅድ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደብተሩ ሲሞላ አንዱ ግልባጭ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይምጣ፤ ሌላው እዚያው አምደወርቅ፥ ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ይቀመጥ።