መሥራት ለተሳነው ቤተሰብ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ

እርሻ የጉልበት ሥራ ነው። ገበሬው ዓይኑ ቢጠፋ ወይም እግሩ ቢሰበር መሬቱ እያለ አራሽ ያጣል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የሚደርሰው እህል ግን ዓመቱን አያዘልቀውም።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ «ቀጥታ ድጋፍ» የሚባል ክፍል ተመደበለት። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ገበሬ «አካፋ መያዝ ካልቻልኩ ማን ይመዘግበኛል?» እያለ ከቤቱ ይቀራል። ይህ ስሕተት ነው። ቀጥታ ድጋፍ ሥራ አይጠየቅበትም።

ድጋፉ ለማን ነው?

ድጋፉ የሚሰጠው ፕሮግራሙ በሚሠራባቸው ወረዳዎች ነው። አካል ጉዳት ብቻውን አያስመርጥም፤ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፥ ቤተሰቡ በየዓመቱ የምግብ እጥረት የሚያገኘው መሆኑ፤ ሁለተኛ፥ በቤቱ ለሥራ የደረሰ ጉልበት ያለው ሰው አለመኖሩ፤ ሦስተኛ፥ ከልጅ ወይም ከዘመድ አስተማማኝ ርዳታ የማያገኝ መሆኑ ነው።

በቤቱ መሥራት የሚችል ሰው ካለ ቤተሰቡ እንደ እርከንና መንገድ ባለው የአካባቢ ልማት ሥራ ይመደባል። ቢሆንም አካል ጉዳተኛው ሥራ አይጠየቅም፤ ከሚከፈልላቸው ሰዎች ቁጥርም አይወጣም።

እንዴት ይመዘገባሉ?

መልማዩ በየመንደሩ ያለው የማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ያድርጉ።

1ኛ. የቤተሰብዎን ሰዎች ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያስቆጥሩ። በጓዳ የሚውለውን ጉዳተኛ አይደብቁ፤ ያልተቆጠረ ሰው ድርሻ የለውም።

2ኛ. ጉዳቱ ከየትኛው ሥራ እንደሚከለክልዎ በግልጽ ይንገሩ።

3ኛ. የተመረጡት ስም በስብሰባ ሲነበብ ይገኙ፤ መሄድ ካልቻሉ ሰው ይላኩ። የተመደቡት በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ መሆኑን ይጠይቁ።

4ኛ. የተጠቃሚ ካርድ ሲሰጥዎ የተጻፈውን የቤተሰብ ቁጥር ያስነብቡ።

የሚከፈለው ስንት ነው?

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ቀን ተመን 3 ኪሎ እህል ነው፤ ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው 5 ቀን ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው የወር ድርሻ 15 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ቤት የሚታሰበው ቢበዛ ለ5 ሰው ነው።

ለምሳሌ አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 60 ኪሎ ያገኛል። የአካባቢ ልማት ሥራ የሚሠራ ቤተሰብ ለ6 ወር ስለሚከፈለው በዓመት 360 ኪሎ ይደርሰዋል። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ግን ለ12 ወር ስለሆነ የዚያው ቤት ድርሻ 720 ኪሎ፥ ማለት 7 ኩንታል ከ20 ኪሎ ነው። እንግዲህ በየትኛው ክፍል መመዝገብዎ የግማሽ ዓመት ቀለብ ልዩነት አለው።

ክፍያው በገንዘብ ሲሆን የቀኑ ተመን የእህል ገበያ ተጠንቶ በየዓመቱ ይወሰናል። የዘንድሮውን ተመን ከቀበሌ ይጠይቁ፤ በ5 ያባዙ፤ ደግሞም በቤተሰብዎ ቁጥር ያባዙ። ከተቀበሉት ጋር ያስተያዩ። ወደ መክፈያው ቦታ መሄድ የማይችል ሰው የሚያምነውን ወኪል አስመዝግቦ በእርሱ በኩል ሊቀበል ይችላል።

ቢቀነስብዎ ወይም ቢታለፉ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። እዚህ ግን ዝምታ ቀለብ ያሳጣል። በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ካርድዎን ይዘው የቀረውን ወርና የጎደለውን መጠን ለይተው ያስመዝግቡ። በቀበሌ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ወረዳ እንዲተላለፍ ይጠይቁ።

ለልማት ሠራተኞች

ምልመላ ሲደርስ ወደ ስብሰባ የመጣውን ብቻ አትመዝግቡ። ማየት የተሳነውና መራመድ ያልቻለው ሰው እቤቱ ነውና እዚያው ሂዱ። ካርዱንና ሒሳቡን ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ድርሻውን በቁጥር ያወቀ ሰው ሲጎድልበት ያውቃል፤ ቢጠይቅም የሚጠይቀው በማስረጃ ነው።